በጎጃም የጥቅምትና የኅዳር ተለዋዋጭ አየር፦ ስለ ሳምንታዊ ትንበያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መፀው፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ፣ በጎጃም የአጨዳና የክምር ወቅት ነው። አብዛኛው ቀን ብራ ነው። በመካከሉ ግን ደመና የሚመላለስበት፣ አንድ ቀን ዶፍ ጥሎ በማግስቱ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ሳምንት ይመጣል፤ የዓመት ልፋት ገና ጎተራ ሳይገባ ማለት ነው። ከታች ያሉት እንዲህ ያለ ሳምንት ሲተነበይ ገበሬዎች፣ ሾፌሮችና የከተማ ነዋሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አስቀድመን አንድ ነገር እንበል፦ በዚህ ወቅት ትንበያ ሲያነቡ ከዝናቡ ቀን ይልቅ በመካከል ተያይዘው የሚመጡትን ደረቅ ቀናት ይቁጠሩ። ሥራ የሚሠራው በእነሱ ነው።

ክረምቱ ወጥቷል። ታዲያ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ዝናቡ ከየት ይመጣል?

በክረምት ጎጃምን የሚያጠጣው ዋናው እርጥብ ነፋስ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ፣ በኮንጎ ደን በኩል ነው። ከመስከረም ጀምሮ ይህ ነፋስ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል፤ ቦታውን ከዓረብ ምድር በኩል የሚነፍሰው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይይዛል። ማፈግፈጉ ታዲያ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በቢቸናና በሞጣ በኩል ዝናቡ ቀድሞ ያባራል፤ አዊና የምዕራብ ጎጃም ደጋማ ክፍል ግን ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ ዝናብ ማየታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ እንጅባራ ላይ የጣለ ዝናብ «ያለወቅቱ» አይባልም፤ ኅዳር ላይ ደብረ ወርቅ የጣለ ግን ይባላል።

ያለወቅቱ የሚመጣው ዝናብ የሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው። ከፍ ባለው ሰማይ ላይ በሜዲትራኒያን በኩል ያለ ቀዝቃዛ አየር ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከዓረብ ባሕር ወይም ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይገባል። ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር ሲደራረብ የታችኛው በኃይል ወደ ላይ ይወጣል። ነጎድጓዱም በረዶውም ከዚህ ይወለዳል። ብዙ ጊዜ የሚቆየው ከ2 እስከ 4 ቀን ነው። ከኋላው ደረቅ አየር ስለሚከተል ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱም ይበርዳል። የሳምንቱ ቅደም ተከተል ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፦ ደመና፣ ዝናብ፣ ከዚያ ብራና ብርድ።

አንዳንድ ዓመት ይህ ይደጋገማል። በ2012 ዓ.ም. መፀው የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልኩ በላይ ሞቆ ለምሥራቅ አፍሪካ ከባድና ተደጋጋሚ ዝናብ አምጥቶ ነበር። የወቅቱ ትንበያ ሲወጣ ስለ ውቅያኖሱ ሙቀት የሚነገረውን ማዳመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ትንበያው «ምዕራብ አማራ» ወይም «ጎጃም» ብቻ ይላል። ለእኔ ቀበሌ ምን ማለት ነው?

ጎጃም አንድ አየር የለውም። የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ ሸለቆ ወለል በደጀን በኩል 1 ሺህ ሜትር ገደማ። ከደጋው ጥግ ቆሞ ሸለቆውን ማየት በሚቻልበት ርቀት ውስጥ ሁለት የማይገናኙ አየሮች አሉ። ስለዚህ ትንበያውን በቀበሌዎ ከፍታ ይመንዝሩት።

መመንዘሪያው ቀላል ነው፦ በ1 ሺህ ሜትር ከፍታ ልዩነት አየሩ ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ወይም ይሞቃል። ደብረ ማርቆስ 2 ሺህ 450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለደብረ ማርቆስ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 22 ዲግሪ ከተባለ፣ በጮቄ ግርጌ 3 ሺህ 200 ሜትር ላይ ላለ ቀበሌ 17 ገደማ ይሆናል፤ 1 ሺህ 800 ሜትር ላይ ላለችው ባሕር ዳር 26 ገደማ። ይህ ሒሳብ ለቀን ሙቀት ጥሩ ነው። ለሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ ይፋለሳል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳልና ረባዳው መስክ ከተረተሩ በላይ ይበርዳል።

ለዝናብ ደግሞ አቅጣጫ ይታያል። እርጥበቱ ከምዕራብ ሲገባ የተራራው ምዕራባዊ ገጽ ይበልጥ ይዘንብበታል፣ የምሥራቁ ይቀርበታል። ከምሥራቅ ሲገባ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

«አልፎ አልፎ»፣ «በጥቂት ቦታዎች»፣ «60 በመቶ» ሲባል ምን ልረዳ?

«በጥቂት ቦታዎች» ስለ ስፋት ነው፦ ዝናቡ ይኖራል፣ ግን አብዛኛው ቀበሌ ላያገኘው ይችላል። «አልፎ አልፎ» ስለ ድግግሞሽ ነው። «60 በመቶ» የሚለው የስልክ ትንበያ ደግሞ የቀኑን 60 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ አሥር ቀናት ቢመጡ በስድስቱ እርስዎ ባሉበት ዝናብ ይጥላል፣ በአራቱ አይጥልም ማለት ነው። የታጨደ ሰብል ሜዳ ላይ ላለው ሰው 30 በመቶም ትልቅ ነው፤ ሽምብራ ለዘራ ሰው ግን 30 በመቶ ተስፋ አይጣልበትም።

መጠኑን በተመለከተ፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ ሩብ ሄክታር መሬት ላይ 50 ሺህ ሊትር ወርዷል። በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ዘገባዎች በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ከባድ ዝናብ ተብሎ ይጠራል። የጣቢያ መዝገብ ላይ ቀኑ የሚቆጠረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ በማግስቱ 3 ሰዓት ስለሆነ፣ ሌሊት የጣለው በማግስቱ ዘገባ ቢመጣ አይደነቁ።

በቤት ለመለካት ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይትከሉት፤ ከቤት ጣሪያና ከዛፍ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውስጡ ያለውን ውኃ ጥልቀት በማስመሪያ ይለኩ። የላስቲክ ጠርሙስ ቆርጠው ከተጠቀሙ ታችኛው ጎድጓዳ ክፍል ልኩን ያዛባል፤ በሲሚንቶ ሞልተው አስተካክሉትና ሲደርቅ ይጠቀሙበት። ጠባቡን አፍ ቆርጠው ገልብጠው ቢከቱበት ትነቱን ይቀንሳል።

ትንበያው ስንት ቀን ድረስ ይታመናል?

እስከ 3 ቀን ድረስ ያለው ለሥራ ውሳኔ ይበቃል። 4ኛውና 5ኛው ቀን አዝማሚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው «ሳምንቱ ወደ ደረቅ ያዘነብላል ወይስ ወደ እርጥብ» ከማለት አያልፍም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ የአሥር ቀኑን ሥራ ለማቀድ፣ የዕለቱን ለመወሰን ይጠቀሙበት። ነጎድጓድና በረዶ የሚወርድበትን ቦታ ግን ከጥቂት ሰዓታት በፊት በትክክል መናገር አይቻልም።

የስልክ መተግበሪያ በጎጃም የሚስትበት ዋና ምክንያት አለ። መሬቱን በትላልቅ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። አንዱ ማዕዘን የደጀንን ደጋና የዓባይን በረሃ አብሮ ከያዘ የሚሰጠው አማካይ ለሁለቱም አይሆንም። ሳምንት ሙሉ የሚያሳየውን ሙቀት ከራስዎ ደጅ ጋር ያነጻጽሩ፤ ሁልጊዜ በ4 ዲግሪ ከፍ የሚል ከሆነ 4 እየቀነሱ ያንብቡት።

ጤፌ ደርሷል፣ ሳምንቱ ደግሞ ይለዋወጣል ተብሏል። ልጨድ ወይስ ልጠብቅ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ነው፤ መልሱም በሁለት ቁጥሮች ላይ ይቆማል፦ በትንበያው ስንት ተከታታይ ደረቅ ቀን አለ? በአንድ ቀን አጭደው፣ አድርቀውና ከምረው የሚሸፍኑት ምን ያህል ነው?

የታጨደ ጤፍ እንደ ብስለቱና እንደ ፀሐዩ ከ2 እስከ 4 ቀን መድረቅ ይፈልጋል። በትንበያው ሦስት ተከታታይ ደረቅ ቀን ካለ ይጨዱ። አንድ ቀን ብቻ ደርቆ ከዚያ ሁለት ቀን የሚዘንብ ከሆነ ቆሞ ይቆይ። የቆመ ጤፍ ዝናብ ቢመታው ነፋስ ስለሚገባበት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሊደርቅ ይችላል፤ መሬት ላይ የተኛ ነዶ ግን ከታች ከአፈሩ፣ ከላይ ከዝናቡ እርጥበት ይጠጣል፣ መካከሉም ለቀናት አይደርቅም። ፍሬው ይጠቁራል፣ ይበቅላል፣ የነጭ ጤፍ ዋጋ በአንድ ሌሊት ይወርዳል።

ማሳው ቀድሞ ከጋሸበ ግን ፍርዱ ይለወጣል። የጋሸበ ጤፍ ቆሟል አይባልም፤ ዛላው መሬት ነክቷል። እሱን በመጀመሪያው ደረቅ ቀን ይጨዱና ከቆመው ለይተው ይከምሩት፤ ከተቀላቀለ የመልካሙንም ቀለም ያበላሻል። በጣም የደረቀ ጤፍም ብዙ አይጠብቅም፤ ዶፍና ነፋስ አብረው ከመጡ ይረግፋል። አገዳው ወደ ቢጫ ሲዞርና ዛላው ገለባ ሲመስል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ማጨዱ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

በማያስተማምን ሳምንት ማሳውን በሙሉ አንድ ቀን ማጨድ ትልቁ ስሕተት ነው። ደቦ ሲጠራ ብዙ ሰው ስለሚመጣ በግማሽ ቀን ሁሉም ይታጨዳል፤ ከዚያ የሚከምረው ሰው ያንሳል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ደመናው ሲሰበሰብ ነዶው ሜዳ ላይ ይቀራል። ደቦውን ለሁለት ከፍለው ግማሹ ሲያጭድ ግማሹ የትናንቱን ይሰብስብ፤ ይከምር። ሸራው የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ማጨድ ሥራውን ያጓትታል፣ ሰብሉን ግን ያድናል።

ብዙ ዓይነት ሰብል አለኝ። የትኛው ይቅደም?

ቀድሞ የታጨደው ይቀድማል፤ እሱን ሳይሰበስቡ አዲስ አይንኩ። ቀጥሎ ስንዴና ገብስ ናቸው። የደረሰ ስንዴ ዛላው ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ከቆየ ፍሬው ቆሞ ሳለ መብቀል ይጀምራል፤ የበቀለ ስንዴ ለዘርም አይሆንም፣ ዱቄቱም ዳቦ አይነሣለትም። ባቄላና አተር መርጠብና መድረቅ ሲፈራረቅባቸው ቆባቸው ይፈነዳል። እነሱንና ኑግን ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ማጨድ መርገፉን በጣም ይቀንሳል። በአንጻሩ ውቂያ ጤዛው ከጠፋ በኋላ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት አይጀመርም።

በቆሎና ዳጉሳ ይታገሣሉ። የደረሰ በቆሎ ራሱ (ፍሬ የያዘው ክፍል) ወደ ታች ከዞረና ሽፋኑ ጫፉን ከሸፈነ ዝናቡን ያንሸራትተዋል። ወደ ላይ የቆመውና ጫፉ የተገለጠው ግን ውኃ ይቋጥራል፤ በማሳው ውስጥ እየዞሩ እንዲህ ያሉትን ብቻ ለቅመው ቀድመው ያስገቡ።

ክምሩ እንዳይበሰብስ ምን ላድርግ?

ቦታው ረባዳ አይሁን። ከሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ረብርበው ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጉት። በላይኛው በኩል ውኃውን የሚቀለብስ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር። ነዶው ሲከመር ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ሆኖ ከመካከሉ ከፍ ይበል፤ መካከሉ ከጎደለ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ላስቲክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክምሩን እስከ መሬት በላስቲክ መጠቅለል ዝናቡን ቢያስቀርም የነዶውን እርጥበት አምቆ ይይዛል፤ ከውስጥ ያላበው ውኃ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ከላይ ያለውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሸፍኑ፣ ጎኑ ይተንፍስ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይግለጡት። ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ በገመድ አስረው ጫፉ ላይ ያንጠልጥሉ። ላስቲኩን በድንጋይ መጫን ይቀደዋል።

ከዝናብ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን እጅዎን እስከ ክንድ ወደ ክምሩ ያስገቡ። ከውጭው አየር ይልቅ ከሞቀ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው መታመግ (ከውስጥ ግሎ መበላሸት) ጀምሯል፤ አፍርሱት፣ በስሱ አንጥፉት፣ ደርቆ ይከመር። የታመገው ሳይፈርስ ከቆየ ጭዱም ለከብት አይሆንም፤ የሻገተ ጭድ ለታለቢት ላምና ለእርጉዝ እንስሳ አይሰጥም።

ኮምባይነር ተከራይቻለሁ። ከዝናቡ በኋላ መቼ ይግባ?

መሬቱም ፍሬውም ሲደርቁ። በጥቁር አፈር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ ቢያንስ ሦስት ብራ ቀን ይጠብቁ። አፈሩን ጨብጠው ሲለቁት ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ማሽኑ ይሰምጣል፣ መሬቱንም ረግጦ ለከርሞ ያጠነክረዋል። ስንዴውን በጥርስ ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ደርሷል፤ ከተላመጠ ገና ነው።

የተፈለፈለ በቆሎና በርበሬስ?

በቆሎ ጎተራ የሚገባው እርጥበቱ ከ13 በመቶ ሲወርድ ነው። መሣሪያ ከሌለ ጨው በግምት ያሳያል፤ የሚለየው ግን ከ15 በመቶ ገደማ በላይ እርጥበት ያለውን ብቻ ነው። ደረቅ ጨው በፀሐይ ወይም በምጣድ ያድርቁ፤ በደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው በቆሎ ሞልተው ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ ከድነው ለአንድ ደቂቃ ያንቀጥቅጡ፣ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው። አየር የማያስገባ ከረጢት የሚጠቀሙም ይህን ሳይፈትሹ አይሞሉ፤ ከረጢቱ ነቀዝን ይገድላል፣ እርጥብ እህልን ግን አያደርቅም። በእርጥብ በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል፤ መርዙ በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ አምራቾች ችግር ተመሳሳይ ነው። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ሌሊት ከአፈሩ እርጥበት ይስባል፣ ሆዱም ይነጣል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስሱ ይሰጣ፤ ማታ 11 ሰዓት ጤዛ ሳይወርድ ይሸፈን፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ ይገለጥ። ከፀሐይ እንደተነሣ ትኩሱን በማዳበሪያ ከረጢት መክተት ያልበዋል፤ በጥላ ቀዝቅዞ ይግባ።

ትንበያው ዝቅተኛው 4 ዲግሪ ይላል። ውርጭ ይወርዳል ማለት ነው?

ሊወርድ ይችላል። የጣቢያው ቴርሞ ሜትር ያለው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጥላ ውስጥ ነው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ቅጠሉ ያለበት ከፍታ ከዚያ በ3 እና በ4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጣቢያው 4 ሲል ድንቹ ዜሮ ላይ ነው። ደመና ካለ ወይም ነፋስ ከነፈሰ ያንኑ ያህል አይፈራም። ዋናው አደጋ ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሌሊቶች ነው፤ ሰው «አለፈ» ብሎ የሚዘናጋውም ያኔ ነው። ብርዱ የሚበረታው ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ለዚሁ ብርድ ነው።

በጮቄ ዙሪያ፣ በሰከላና በእንጅባራ ደጋማ ቀበሌዎች ለድንች፣ ለጎመንና ለችግኝ ይህን ያድርጉ፦ ውኃ ካለ ከቀትር በፊት መሬቱን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ችግኙን ፀሐይ ሳይጠልቅ በሣር ወይም በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይግለጡ። ጭስ ማጨስ ብዙ አይረዳም፤ ትንሽ የሚጠቅመው የእሳቱ ሙቀት ነው እንጂ ጭሱ ቅዝቃዜውን አይከለክልም። የመታውን ድንች ወዲያው አይንቀሉ፤ አንድ ሳምንት ያህል ይጠብቁ፣ ከሥር ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

ደብረ ማርቆስ ከሰዓት ይዘንባል፣ ባሕር ዳር ግን ሌሊት። ለምን?

በደጋው ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ መሬቱን ታሞቃለች፣ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናው ከቀኑ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘንባል። ጣና ግን ቀን ከየብሱ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ሞቃት። ሌሊት ከዙሪያው የብስ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ሐይቁ ላይ ይገናኝና ሞቃቱን እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ነጎድጓዱም ከእኩለ ሌሊት በፊትና በኋላ በሐይቁ ዳርቻ ይሰማል። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚያሰጣ ሰው ማታ ሰማዩ ብራ ነው ብሎ ሸራውን አይተው።

በረዶና መብረቅ ሲመጣስ?

በረዶን የሚያስቆም ነገር የለም። ከመታ በኋላ ማሳው እርጥብ ሳለ አይግቡበት፤ የቆሰለው ተክል በእግር ሲነካ በሽታ ይዛመትበታል።

መብረቅን ግን ማምለጥ ይቻላል። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ሥራ ያቁሙና ቤት ይግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪሞላ አይውጡ። ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከብቶችንም ከዚያ ያርቁ። ማጭድና መንሽ ይጣል። ሰው ከሰው ተራርቆ ይቁም። ቤት ውስጥም ከግድግዳው፣ ከኤሌክትሪክ ገመድና ከቧንቧ ይራቁ። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነቱ ኤሌክትሪክ አይዝም፤ ሳይፈሩ ይንኩት። ካልተነፈሰ ደረቱን መሐል ላይ በፍጥነት እየደጋገሙ ይጫኑ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ያድርሱት።

በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ለሚወርድ መኪና ምን ይመከራል?

መንገዱ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ላይ ዶፍ ሆኖ ታች ደረቅ፣ ወይም ላይ ጭጋግ ሆኖ ታች ሙቀት ሊሆን ይችላል። ከዝናብ በኋላ ባለው ጠዋት ጉሙ እስከ 3 ሰዓት ላይነሣ ይችላል። ገደሉ ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም ሊናድ ስለሚችል «ዛሬ ፀሐይ ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ከመነሣትዎ በፊት ከወዲያ የሚመጡ ሾፌሮችን ይጠይቁ። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።

ሽምብራና ጓያ ዘርቻለሁ። ለእኔስ ዝናቡ መልካም አይደለም?

መልካም ነው፣ ውኃው ካልተኛበት። እነዚህ በአፈሩ ውስጥ በተረፈው እርጥበት የሚያድጉ ናቸው፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል ይጠቅማቸዋል። ጥቁር አፈር ላይ ግን ውኃው ከአንድ ቀን በላይ ከተኛ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ማጠንፈፊያ ቦዩን ዝናቡ ሳይመጣ ይጥረጉ፤ ከዘነበ በኋላ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መቆፈር ማሳውን ይረግጠዋል። በቆጋ መስኖ የሚያለሙ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ ተራቸውን ለአንድ ዙር ቢያሳልፉ ውኃውም ማዳበሪያውም አይባክንም።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ወባ ይጨምራል ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ቀድሞውኑ ወባ የሚበረታበት ነው፤ በመካከሉ የሚጥል ዝናብ የደረቁ ኩሬዎችን መልሶ ይሞላል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር በሞቃት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ ስለዚህ የታቆረው ውኃ በሳምንት ውስጥ ይፋሰስ ወይም ይደፈን። በቆላና በጣና ዙሪያ፣ እንዲሁም ለአጨዳ ወደ በረሃ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች አጎበር ይያዙ፤ ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ።

አባቶቻችን በሰማይ ምልክት ያውቁ ነበር። ዛሬም ይሠራል?

አንዳንዱ በደንብ ይሠራል። በፀሐይ ወይም በጨረቃ ዙሪያ የሚታየው ቀለበት ከፍ ካለ ስስ የበረዶ ደመና የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደመናው ከመወፈሩ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ይታያል። ለቀናት ሲነፍስ የከረመው የምሥራቅ ነፋስ ድንገት ጸጥ ብሎ ከምዕራብ ሲመለስ እርጥበት ገብቷል። ጠዋት ከባድ ጤዛ ካለና ሰማዩ ጥርት ካለ የዚያ ቀን ጠዋት ደረቅ ነው። በጠዋቱ 4 ሰዓት የጉልላት ቅርጽ ያለው ደመና በጮቄ ላይ መቆለል ከጀመረ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ ብለው ይሥሩ። ምልክቱና ትንበያው ሲስማሙ በልበ ሙሉነት ይወስኑ፤ ሲጋጩ ለሰብሉ የከፋውን አስበው ይዘጋጁ።

በረዶ ወይም ጎርፍ ሰብሌን ቢያበላሽ ለማን፣ ምን ብዬ ልንገር?

ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደወረደ፣ የበረዶውን መጠን (አተር ያህል፣ ባቄላ ያህል)፣ የተጎዳውን መሬት ስፋትና ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ እንደነበረ ጽፈው ይስጡ። ስልክ ካለ ከመነካቱ በፊት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሡ። ባለሙያው ሳያየው ማሳውን አይገልብጡ፤ ካሳ ወይም ዘር የሚጠየቅበት ሰነድ ከዚህ ይጀምራል።